በጥቁር ሰሌዳ የተማረች እጅ

ዓዲላ የጨፋ ልጅ ናት። አባቷ ሙሀመድኑር ከቦርከና ወንዝ ብዙም ሳይርቅ በቆሎና ማሽላ ይዘራል፤ ዝናቡ ሲያጥርበት ደግሞ ከጎረቤቶቹ ጋር በጋራ በገዟት የውሃ ፓምፕ ከወንዙ እየሳበ ማሳውን ያጠጣል። ልጅቱን ወደ ብረት ሙያ የመራቻት ይቺው ፓምፕ ናት።

አንድ ዓመት በቆሎው ፍሬ ሊቋጥር ሲል የፓምፗ ሻፍት፣ ውስጧ የሚዞረው የብረት ዘንግ፣ ተበላና ቆመች። ሙሀመድኑር ሰንበቴ ከተማ ድረስ በአህያ ጭኖ ወሰዳት፤ ብረት የሚቀረጽበት ቶርኖ ቤት አዲስ ሻፍት አስቀርጾ፣ አስገጥሞ መለሳት። ስትነሳ ድምጿ ያማረ ነበር፤ ውሃውም እየተንፏፏ ቦዩን ሞላው። ከሰዓት በኋላ ግን ሻፍቱ የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ እሳት ሆነ፤ ብዙም ሳይቆይ ሞተሩ ጭስ ለቀቀና ጸጥ አለ። ሌላ መካኒክ መጥቶ ፈታታው። ሻፍቱ ከልኩ ትንሽ ወፍሮ ኩሽኔታውን አንቆታል አላቸው። ሙሀመድኑር ምን ያህል ነው የወፈረው ብሎ ጠየቀ። መካኒኩ መልስ ከመስጠት ይልቅ ከራሱ ላይ አንድ ፀጉር ነቀለና በሁለት ጣቱ ወጥሮ አሳየው።

በቆሎው በዚያው ደረቀ። እናቷ አለቀሰች፤ አባቷ የደረቀውን አገዳ አጭዶ ለከብቶቹ ሰጠ። ዓዲላን ግን ከሁሉም በላይ ያቺ ፀጉር ነበር ከአእምሮዋ አልወጣ ያለቻት። በፀጉር ያህል የሳተ ነገር እንዴት አንድ ማሳ ሙሉ እህል ያደርቃል? ደግሞስ ያቺን የፀጉር ውፍረት ማን፣ በምን ለክቶ ያውቃታል?

ትምህርቷን ስትጨርስ ከሚሴ ከተማ ዳር ባለው የቴክኒክ ማሰልጠኛ ገባች፤ የመረጠችውም የማሽን ሙያ ነበር። ሰፈሩ ሴት ልጅ ከብረት ጋር ምን አላት ብሎ ማማቱ አልቀረም። ሙሀመድኑር ግን ለጠየቀው ሁሉ እየሳቀ፣ ያን ፀጉር ለክታ ታምጣልኝ ብያት ነው የላክኋት ይላል። ከሚሴ ውስጥ ከአገሯ ልጅ ከዓፊያ ጋር አንዲት ክፍል ተከራዩ። ዓፊያ ልብስ ስፌት ትማር ነበር።

ዓዲላ የገባችበት ዘመን ለማሰልጠኛው ክፉ ዘመን ነው። ጦርነቱ ከተማይቱን ረግጧት ሲያልፍ ወርክሾፑን ባዶውን ትቶት ሄደ። ማሽኖቹ የቆሙበት ሲሚንቶ ላይ የብሎን ቀዳዳዎች ብቻ ቀሩ። ማሽኖቹን ማን እንደወሰዳቸው ሲጠየቅ ሁሉም የየራሱን ያወራል። የመለኪያ ትምህርት የሚያስተምረው ሰልማን ነበር፤ ገና ያላገባ፣ ቀጭን፣ የሸሚዙ እጅጌ ሁልጊዜ በጠመኔ የነጣ መምህር። በመጀመሪያው ቀን ክፍል ገብቶ ተማሪዎቹን አያቸውና በቀጥታ ነገራቸው፤ ዕቃ የለኝም፣ ሰሌዳ ግን አለኝ አለ።

ከዚያም የብረት ውፍረት የሚለካበትን ማይክሮሜትር ሣለ። የእውነተኛው ማይክሮሜትር ቁመት አንድ ስንዝር አይሞላም፤ የሰልማን ግን ከሰሌዳው ጫፍ እስከ ጫፍ የሚደርስ ነበር። ቀጥ ባለው ዘንግ ላይ ሚሊሜትሮቹን በላይ በኩል፣ ግማሾቹን በታች በኩል አሰመረ። ዘንጉን ከቦ የሚዞረው እጅጌ ላይ ደግሞ ቀጫጭን መስመሮች ሣለ፤ እያንዳንዷ መስመር የሚሊሜትር አንድ መቶኛ ናት። የሚለካው ብረት በሁለቱ መንጋጋዎች መካከል ይገባል፣ እጅጌው ይዞራል፣ ከዚያ ይነበባል። ሰልማን እያጠፋ ሌላ ልክ ይሥላል፤ ተማሪዎቹ ያነባሉ። ብዙዎቹ የታችኛዋን ግማሽ እየዘለሉ ሲሳሳቱ ዓዲላ አንዴም አልዘለለቻትም።

አንድ ቀን እጇን አውጥታ የሰው ፀጉር ስንት መስመር እንደሆነ ጠየቀችው። ሰልማን ከሰው ሰው ቢለያይም ሰባት ስምንት መስመር ይሆናል አላት። የዚያን ዕለት አባቷ ጋ ደወለች።

«አባ፣ ያ ፀጉር ሰባት መስመር ነው» አለችው።

«ማሻአላህ። ለክተሽው ነው?»

«አይ፣ ተነግሮኝ ነው።»

ሙሀመድኑር አብሽሪ፣ መለካቱም ይመጣል ብሎ ስለ ከብቶቹ ያወራት ጀመር።

ሰልማን በእጁ ያለውን ሁሉ ለማስተማሪያ ያውል ነበር። ስለ ብረት ገጽ ልስላሴ ሊያስተምር የተሰበረ የሴራሚክ ንጣፍ፣ የመስታወት ስባሪ፣ የቆርቆሮ ቁራጭና አንድ አሮጌ ማረሻ ይዞ መጣ። ዓይን ይሸወዳል፣ ጥፍር ግን ያውቃል እያለ በጥፍራቸው እንዲፍቁት አደረገ። የጨፋ አፈር ዓመት ሙሉ የላጨው የማረሻ ጫፍ ከቆርቆሮው ይልቅ ለስልሶ ሲያገኙት ተገረሙ። የእውነተኛው ሙያ ማነጻጸሪያ ትንንሽ የብረት ሰሌዳዎች እንደሆኑ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ያለው ልዩነት ከዚህ እጅግ የረቀቀ እንደሆነ ነገራቸው። ልክ የሚወሰደውም ሃያ ዲግሪ በሆነ ክፍል ውስጥ እንደሆነ፣ ብረት ሲሞቅ እንደሚያብጥ ሲያብራራላቸው አንዱ ተማሪ ከኋላ ሆኖ፣ እንግዲያው ከሚሴ ውስጥ ትክክለኛ ልክ ያለው ብረት የለም ማለት ነው አለ። የጣሪያው ቆርቆሮ በፀሐይ እየተንጫጫ ነበርና ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። ሰልማንም ሳቀ።

በሁለተኛው ዓመት ዕቃ መጣ ተባለ። አንድ በጎ አድራጊ ድርጅት ለማሰልጠኛው የመለኪያ መሣሪያዎች ሰጥቶ ነበር፤ ማይክሮሜትሮች፣ የዕቃን ውጭና ውስጥ የሚለኩ ካሊፐሮች፣ የገጽ ማነጻጸሪያ ሰሌዳዎች፣ ደግሞም ፊታቸው እንደ መስታወት የሚያበራና ሌሎች መለኪያዎች የሚፈተኑባቸው የብረት ብሎኮች። የርክክቡ ዕለት ድንኳን ተተከለ። ሹማምንትና እንግዶች መጡ፤ ከሣጥኑ እያወጡ፣ እያገላበጡ፣ ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበሉ ፎቶ ተነሱ። ብሎኮቹ ያለ ሙጫ እርስ በርሳቸው እንደሚጣበቁ የነገራቸው ሰው ነበርና ሁሉም ሊሞክር ፈለገ። ተማሪዎቹ ከኋላ ቆመው በሰው ትከሻ ላይ አዩ። ሰልማን ፊቱ በርቶ፣ ሰኞ እንጀምራለን አላቸው።

ሰኞ ግን ዕቃው ግምጃ ቤት ገብቶ ተቆልፎ ነበር።

የግምጃ ቤቱ ኃላፊ ዘይኑ ይባላል። በዕድሜ የገፋ፣ ሶላቱን የማያጓድል፣ ለተማሪዎቹም ደግ ሰው ነው፤ ሁሉም አያ ዘይኑ ነው የሚሉት። በጦርነቱ ጊዜ ቤተሰቡን ይዞ ገጠር ሸሽቶ ሲመለስ የጠበቀው የተሰበረ በርና የምርመራ መጥሪያ ነበር። የት ነበርክ፣ ቁልፉ በማን እጅ ነበር፣ ለምን አላሸሸኸውም እየተባለ ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ሲንከራተት ከረመ። አልሐምዱሊላህ፣ በመጨረሻ ነጻ ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ ግን ቁልፉን ከአንገቱ አውልቆ አያውቅም። ሰልማን ሊለምነው ሲሄድ ዓዲላ አብራው ነበረች። ዘይኑ አዳመጠውና በዝግታ መለሰለት።

«ሰልማን፣ አንተ ታስተምራለህ፣ እኔ እጠየቃለሁ። አንዷ ከተማሪዎቹ እጅ ብትወድቅ ማን አለሁ ይለኛል? አለቆቹ ጽፈው ፈቃድ ይስጡኝ፣ ዛሬውኑ እከፍትልሃለሁ።»

የሚጽፍ ጠፋ። የማሰልጠኛው ዲን መጀመሪያ የመለኪያ ክፍሉ በር ይሠራለት አለ፤ በሩ ሲሠራ ማቀዝቀዣ ይግባ ተባለ፤ ማቀዝቀዣው ሳይመጣ ዲኑ ተቀየረ፤ አዲሱም ነገሩን ከመጀመሪያው ላጥናው አለ። ሰልማን መመላለሱን አላቆመም፤ ሰሌዳው ላይ መሣሉንም አላቆመም። ዓዲላ ካሊፐርንም፣ የብሎኮቹን አደራረብም፣ የገጽ ሸካራነት ቁጥሮችንም በሥዕል ተማረች። በፈተናው ከሁሉም በላይ ሆና አለፈች። ሰልማን ወረቀቷን ሲመልስላት፣ በእኔ ዘመን እንዳንቺ የሚያነብ አላየሁም አላት። ዓዲላም አመነችው። ለምን አታምነው፣ እውነቱን ነበር።

ኮምቦልቻ ውስጥ የመለዋወጫ ዕቃ የሚሠራ አንድ ፋብሪካ የጥራት ተቆጣጣሪ እንደሚፈልግ የነገረቻት ዓፊያ ናት፤ ባል አግብታ እዚያው ኮምቦልቻ ገብታ ነበር። ዓዲላ ማስረጃዋን ይዛ ሄደች፤ የወረቀት ፈተናውን ከሁሉ ቀድማ ጨርሳ አለፈች። በማግስቱ የእጅ ፈተና አለ ተባለ። በዓፊያ ቤት አድራ፣ አዲስ ሂጃብ አጥልቃ ሄደች።

ክፍሉ ቀዝቃዛ ነበር። ጠረጴዛው ላይ የተቀረጹ አጫጭር ሻፍቶች ተደርድረዋል፤ ከጎናቸው አንድ ማይክሮሜትር ተቀምጧል። ፈታኙ መነጽር ያደረገ፣ ለስላሳ አነጋገር ያለው ጎልማሳ ነው። ጀምሪ አላት። ዓዲላ ማይክሮሜትሩን አነሳችው። ከገመተችው ይልቅ ትንሽ ነበር፤ ክብደቱ ደግሞ ከገመተችው በላይ። ሰልማን እንዳስተማራት መንጋጋዎቹን ጠረገች፣ ባዶውን ዘጋችና አነበበች። ዜሮ ላይ አላረፈም። ከፍታ ደግማ ዘጋችው፤ አሁንም ዜሮ አልሆነም፤ የመጀመሪያውንም አልደገመም። ሰሌዳው ላይ ማይክሮሜትሩ ሲዘጋ ሁልጊዜ ዜሮ ላይ ነበር የሚያርፈው። የተሳሳተው መሣሪያው ይሁን እጇ ይሁን የምታውቅበት መንገድ አልነበራትም።

ወደ ሻፍቱ ገባች። ጫፉ ላይ ያለችው ትንሽ ማዞሪያ ጠቅ ጠቅ እስክትል ድረስ ነው የሚዞረው፤ ይህንን ታውቃለች፤ በሥዕሉ ላይ የማዞሪያዋን ስም ጽፋለች። ግን ሻፍቱ በመንጋጋዎቹ መካከል ቀጥ ብሎ መቆሙን ጣት እንዴት እንደሚያውቅ፣ ብረት ብረትን ሲነካ ምን እንደሚመስል ሥዕሉ ላይ አልነበረም። ለካች፣ አነበበች፣ ጻፈች። ለማረጋገጥ ደገመችው፤ ሌላ ቁጥር መጣ። በሦስተኛው ሌላ። እጇን ላብ አሰመጠው። ሻፍቱን አጥብቃ በያዘችው ቁጥር ከመዳፏ ሙቀት እየወሰደ እንደሆነ ታውቅ ነበር፤ ማወቋ ግን እንዴት እንደሚያዝ አልነገራትም። የገጽ ማነጻጸሪያዎቹን ከሻካራው ወደ ለስላሳው ደርድሪ ስትባል ጥፍሯ የመጀመሪያዎቹን ለየላት፤ የቀሩት ሁሉ አንድ ሆኑባት።

ፈታኙ ወረቀቷን ከራሱ ልኬት ጋር አስተያየ። ከዚያም ራሱ አንዱን ሻፍት ይዞ እሷ እያየች ደጋግሞ ለካ፤ የጻፈችውን ቁጥር ሁሉ በየተራው አሳያት፤ ጠበቅ ሲያደርገው አንዱን፣ ሲያዛንፈው ሌላውን።

«ንባብሽ ላይ አንድም ስህተት የለም» አላት። «ያነበብሽው ግን ብረቱን አይደለም፤ የእጅሽን ጉልበት ነው። ይዘሽው ታውቂያለሽ?»

«ዛሬ ነው የያዝኩት» አለች።

መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ። የት እንደተማረች ጠየቃት፤ ነገረችው። ሌላ ጊዜ ቢሆን አስቀምጬ ባለማመድኩሽ፤ አሁን አለቆቼ የሚፈልጉት ነገ ጠዋት ሥራ የሚጀምር ሰው ነው፣ ይቅርታ አድርጊልኝ አላት። ክፉ ቃል አልተናገራትም። ክፉ ቢናገራት ይሻላት ነበር፤ የምትቀየመው ሰው ታገኝ ነበር።

ከኮምቦልቻ በሚኒባስ ስትመለስ የሐርቡን ከተማ እስክታልፍ ድረስ ሁለት እጆቿን ጭኗ ላይ ዘርግታ ታያቸው ነበር። የሚጎድላቸው ነገር አይታይም።

ሰልማን ውጤቱን ከራሷ አፍ ሰማ። አልዋሸችውም፤ አልወቀሰችውምም። ጠመኔውን ሰሌዳው ጠርዝ ላይ አስቀመጠ። የማውቀውን ነው የሰጠሁሽ አላት። አውቃለሁ ቲቸር አለችው።  በሚቀጥለው ሳምንት አዲስ ገቢዎች መጡ፤ ሰልማንም ሰሌዳውን ጠርጎ ያንኑ ማይክሮሜትር ሣለላቸው።

ዘይኑ ነገሩን ከማን እንደሰማው አይታወቅም። ዓዲላ የቀረ ማስረጃ ልትወስድ ማሰልጠኛው የሄደች ቀን፣ ከዙሁር ሶላት ሲመለስ በሩ ላይ አገኛትና ሰላምታ እንኳን ሳያስጨርሳት በኦሮምኛ ተናገራት።

«ኢንተላ ኮ፣ ነይ ተከተዪኝ» አላት፤ ልጄ ማለቱ ነው። ከአንገቱ ላይ ቁልፉን አወጣ። «ዕቃውን በእጅሽ ያዢው። የመጣው ይምጣ። እኔ ነኝ የከለከልኩሽ።»

ግምጃ ቤቱ ውስጥ የክረምቱ ዝናብ ያረጠበው ግድግዳ ገና አልደረቀም ነበር። ዘይኑ የብረት ቁምሣጥኑን ከፍቶ ሣጥኖቹን አንድ በአንድ ጠረጴዛ ላይ አወረዳቸው። አቧራ እንኳን አልነካቸውም፤ በየጊዜው ከላይ ከላይ ይጠርጋቸው ነበር። ዓዲላ የመጀመሪያውን ከፍታ ማይክሮሜትሩን አነሳች፤ እጅጌውን ስታዞረው እንቢ አለ። ጠንከር አደረገችው፤ አልተንቀሳቀሰም። ሁለተኛውም እንዲሁ። ሦስተኛው ትንሽ ዞሮ፣ እንደ አሸዋ አፋጭቶ ቆመ። ከዚያ የብሎኮቹን ሣጥን ከፈተች። ያ መስታወት የሚመስል ፊታቸው በቡናማ ነጥብ ተበልቷል። ትልቁ ብሎክ ላይ ግን ዝገቱ ነጥብ አልነበረም፤ የሰው አውራ ጣት አሻራ ነው፤ መስመር መስመሩ ሳይቀር ብረቱ ውስጥ ሰርጎ ዝጓል። የርክክቡ ዕለት በላብ እጃቸው ሲቀባበሉት ከነበሩት የአንዱ ነው። ማንም ጠርጎ ዘይት ሳይቀባው ነበር የተቆለፈበት።

ዘይኑ ከትከሻዋ በላይ ሆኖ ያያል። ምንድን ነው እሱ አላት።

ዝጓል አያ ዘይኑ፣ አለቀ አለችው።

አልገባውም። በደህና ቦታ፣ በቁልፍ፣ ማንም ሳይነካው ያስቀመጠው ዕቃ ነው። ይጠረጋል አይደል አለ። ዓዲላ እንዲህ ያለ ፊት አንዴ ከተበላ ሲጠረግ ይበልጥ እንደሚጎድል፣ ከጎደለ ደግሞ ሌላ ሊለካበት እንደማይችል አስረዳችው። በሰሌዳ የተማረችው ነው፤ ሆኖም ትክክል ነበር። ዘይኑ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ሰውየው በሕይወቱ የሚመካበት ነገር ቢኖር ጠባቂነቱ ነውና አንገቱን ደፋ። ያለቀሰ መሰላት፤ ዞር ብላ ግድግዳውን አየች። ከባጃጅ ነጂዎች ዘይት ለምና ማይክሮሜትሮቹን ቀባቻቸው፤ ያ ሦስተኛው ጥቂት ላላ እንጂ የሚታመን አልሆነም። በመጨረሻ ዕቃውን ወደየሣጥኑ መለሱት። ዘይኑ ሲቆልፍ ቁልፉ ቀዳዳውን ሳተበትና ዓዲላ ያዘችለት።

አሁን ዓዲላ ከሚሴ መናኸሪያ አጠገብ በድሩ የሚባል ሰው የብረት በርና መስኮት የሚሠራበት ቤት ትሠራለች። በድሩ ደህና አሠሪ ነው፤ አይጮህባትም። የሚለካው በሜትር ነው፤ ጣት ቢያንስ ብየዳ ይሞላዋል፣ ጣት ቢተርፍ ግድግዳው ይፈለፈላል። መጀመሪያ ሰሞን ማዕዘን ሳይጠብቅ የተበየደ በር ስታይ አፍርሰን እንሥራው ትለው ነበር። በድሩም፣ ይዘጋል ወይ ይላታል። ይዘጋል ትለዋለች። እንግዲያው ቀለም ቀቢው ይላታል። አሁን መናገሩን ትታለች። አባቷ በደወለ ቁጥር ሥራ እንዴት ነው ይላታል፤ አልሐምዱሊላህ ትለዋለች። ስለ ፀጉሩ ጠይቋት አያውቅም፤ እንዳይጠይቃትም የሚጠነቀቅ ይመስላታል።

ባለፈው ሰሞን ዓፊያ ደውላ ነበር። ሌላ ፋብሪካ ሊከፈት ነው፣ የዕቃ ልክ የሚቆጣጠሩ ሴቶች ይፈልጋሉ፣ ስምሽን ልስጥ ወይ አለቻት። ዓዲላ ብረት ከሚቆርጠው ግራይንደር ድምፅ ራቅ ብላ መንገድ ዳር ቆመች።

«ፈተናው በወረቀት ነው ወይስ በእጅ?»

«በእጅ ነው ብለዋል።»

አንድ የደሴ አውቶቡስ ጡሩምባ እየነፋ አለፈ፤ አቧራው እስኪወርድ ጠበቀች።

«እንግዲያው ሌላ ሰው ፈልጊ፣ ዓፊዬ» አለች።

ዓፊያ ልትከራከራት ሞከረች፤ አንቺ እኮ አንደኛ ነበርሽ አለቻት። ዓዲላ አዎ ነበርኩ አለችና የልጆቿን ደህንነት ጠየቀቻት፤ ሰላም በይልኝ ብላ ዘጋች። በድሩ የበሩን ክፈፍ ያዢልኝ ብሎ ተጣራ። ሄዳ ያዘችለት፤ ብየዳው ብልጭ ሲል ፊቷን ዞር አደረገች።